ያልተከለለው የምርጫ ክልል

"ክልል" የሚለውን ቃል በቀን ስንቴ እንደምንጠራው አስባችሁ ታውቃላችሁ? ዜናው ላይ ክልል፣ ስብሰባው ላይ ክልል፣ ምርጫ ሲደርስ ደግሞ "የምርጫ ክልል"። ቃሉ ከለለ ከሚለው ነው የመጣው፣ አጠረ፣ ጋረደ፣ እዚህ ጋ ያበቃል አለ እንደማለት። ስለዚህ የምርጫ ክልል ሲባል ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ካርታ ነው፣ ዙሪያውን መስመር የተሰመረበት፣ ከመስመሩ ወዲህ ያለው እዚህ ይመርጣል ወዲያ ያለው እዚያ። ለተወካዮች ምክር ቤት እንዲህ የተከለሉ 547 አሉ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከ547ቱ ውስጥ ስለሌለ፣ ካርታ ላይ ልሳለው ብትሉ እስክሪብቶው የት እንደሚጀምር ስለሚጨንቅ አንድ የምርጫ ክልል ነው፣ የሀረሪ ብሄረሰብ ጉባኤ ስለሚመረጥበት።

መጀመሪያ አወቃቀሩን እንየው፣ ምክንያቱም ሀረር ተወልዶ ያደገ ሰው ራሱ አንዳንዴ ያምታታዋል። የሀረሪ ክልል ምክር ቤት 36 ወንበር አለው፣ ግን አንድ ቤት አይደለም፣ ሁለት ጉባኤ ነው። አንደኛው የህዝብ ተወካዮች ጉባኤ 22 ወንበር ይዟል፣ ይሄን የክልሉ ነዋሪ ሁሉ፣ ኦሮሞ በለው አማራ በለው ጉራጌ በለው ሀረሪ በለው፣ ይመርጠዋል። ሁለተኛው የሀረሪ ብሄረሰብ ጉባኤ ነው፣ 14 ወንበር፣ ይሄን የሚመርጠው ሀረሪ ብቻ ነው። እና ሀረሪ ሲባል ሀረር ያለው ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባም ድሬዳዋም ያለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የትም የሚኖረው ማለት ነው። የክልሉን ፕሬዝዳንት እጩ የሚያቀርበው ደግሞ ይሄው 14 ሰው ያለበት ጉባኤ ስለሆነ ቀላል ነገር አይደለም፣ ለጌጥ የተቀመጠ የሽማግሌ ሸንጎ አይምሰላችሁ።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው ወደ ጀጎል መሄድ አለብን። ጀጎልን ያየ ያውቀዋል፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተገነባ ግንብ ነው፣ ውስጡ ያለው ቦታ በጠቅላላ 48 ሄክታር አካባቢ ቢሆን ነው፣ በእግር ከዳር ዳር ለመሄድ ብዙ የማይፈጅ። አምስት በር ነበረው፣ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር ይባላሉ፣ በሀረሪዎቹ ቋንቋ ሌላ ሌላ ስም አላቸው፣ አሁን መኪና የሚገባበት ስድስተኛው በኋላ የተከፈተ ነው። ድሮ ማታ ማታ በሮቹ ይዘጉ ነበር። ጅቦቹ እንኳን የራሳቸው መግቢያ አላቸው፣ ግንቡ ስር ስር የተተወችላቸው ቀዳዳ። ሀረሪዎች ከተማዋን "ጌይ" ነው የሚሏት፣ ከተማ ማለት ነው፣ በቃ፣ ሌላ ስም አያስፈልጋትም፣ ራሳቸውን የከተማዋ ሰዎች፣ ቋንቋቸውንም የከተማዋ ቋንቋ ብለው ይጠራሉ። ልብ በሉ፣ ማንነቱና ግንቡ አንድ ላይ የተሰፋ ህዝብ ነው። ከዚህ በላይ "የተከለለ" ነገር ከየት ይመጣል? ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ የምርጫ ክልል ያለ ካርታ ይገኛል ቢባል ጀጎል የመጨረሻው ግምታችን ይሆን ነበር።

ግን ታሪክ ሰውን ከግንቡ አወጣው። በ1879 የጨለንቆ ጦርነት የአሚሩ ጦር በምኒልክ ጦር ተሸነፈና የከተማዋ የራስ አስተዳደር አበቃ፣ ራስ መኮንን ገዢ ሆኑ። ከዚያ በኋላም ሀረሪው ንግዱን ይዞ፣ በከተማዋ ዙሪያ ያለውን መሬቱንና አትክልቱን ይዞ ቆየ። ትልቁ መበተን የመጣው በ1940 ነው። "ኩሉብ" የሚባለው የሀረሪዎች የፖለቲካ እንቅስቃሴ፣ ከሶማሌ ወጣቶች ሊግ ጋር ግንኙነት አለው ተብሎ፣ መልእክተኞች ሞቃዲሾ ድረስ ሄደው አቤት ብለው፣ መንግስት ሲደርስበት ሰው ታሰረ፣ ንብረት ተወረሰ፣ ብዙ ቤተሰብ ሀረርን ጥሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። በ1967 ደግሞ ደርግ የገጠር መሬትንም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትንም በአዋጅ ሲወርስ ለቀረው ባለመሬት ሀረሪ ሌላ ዱላ ሆነ። እና ሰዎች "ውጪ ያሉት ለምን ይመርጣሉ፣ ከሄዱ ሄዱ አይደል እንዴ" ሲሉ ስሰማ የምመልሰው ይሄን ነው፣ ወደው ብቻ አልሄዱም። ሁሉም ተገፍቶ ወጣ ማለቴ አይደለም፣ ነጋዴ ህዝብ ነው፣ ገበያ ተከትሎ የሄደም አለ። ግን የ14ቱን ወንበር አሰራር ያለ 1940 ለመረዳት መሞከር ፊልም ከመሀሉ እንደማየት ነው።

የድሮዎቹ የምርጫ ህጎች ይሄን ነገር አያውቁትም ነበር። በ1948 በተሻሻለው የንጉሱ ህገ መንግስት መሰረት ሀገሪቱ በህዝብ ቁጥር ተከፋፍላ፣ ለአንድ 200 ሺ ለሚጠጋ ህዝብ ሁለት እንደራሴ፣ ከ30 ሺ በላይ ህዝብ ላለው ከተማ ደግሞ ለብቻው እንደራሴ ይባል ነበር፣ የመጀመሪያው ምርጫም በ1950 መጀመሪያ ተካሄደ። የደርግ ብሄራዊ ሸንጎም በ1979 835 ወንበር ይዞ ሲመጣ ያው መሬትና ቁጥር ነው። ብሄር የሚባል ነገር በምርጫ ካርታው ላይ በህግ ቦታ ያገኘው ከ1984 ወዲህ ነው፣ የሽግግር መንግስቱ በአዋጅ ቁጥር 7 ሀገሪቱን 14 ቦታ ሲከፍላት ሀረሪ ክልል 13 ተባለ። በ1987 ህገ መንግስት ደግሞ ከዘጠኙ ክልሎች አንዱ ሆኖ ቆመ፣ ዙሪያውን በኦሮሚያ የተከበበ፣ 6 የከተማና 3 የገጠር ወረዳ ያለው፣ ፌዴራል ፓርላማ ላይ 2 ወንበር ብቻ የሚልክ ትንሽ ክልል።

አሁን ቁጥሩን እንየው፣ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ጋ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ህዝብ 183,415 ነው። ከዚህ ውስጥ ኦሮሞው 56 ከመቶ ገደማ፣ አማራው ወደ 23፣ ሀረሪው 8.65 ከመቶ። በሰው ሲሰላ 15 ሺ ከምናምን ሀረሪ ማለት ነው። በመላ ሀገሪቱ የተቆጠረው ሀረሪ ግን 31,869 ነው። ማለትም ግማሹ ገደማ ከክልሉ ውጪ ነው የሚኖረው! በስሙ የሚጠራ ክልል ያለው ህዝብ፣ ግማሹ ክልሉ ውስጥ የለም። ለኔ ይቺ አንድ ቁጥር ብቻ ከሁሉም የፖለቲካ ክርክር በላይ ታስረዳለች።

እስቲ ትንሽ ሂሳብ እንስራ፣ ካልኩሌተር ያወጣ ያውጣ። 183,415ን ለ22 ብናካፍል ለአንድ ወንበር 8,300 ሰው አካባቢ ይደርሳል። 31,869ን ለ14 ብናካፍል 2,300 የማይሞላ። እዚህ ላይ መራጩን ሳይሆን ህዝቡን ነው የቆጠርኩት፣ ህጻኑም አለበት፣ ግን ልዩነቱን ለማየት ይበቃል። 14 ወንበር ከ36 ማለት ደግሞ 39 ከመቶ ገደማ ነው። ይሄን የሚቃወም ሰው "አንድ ሰው አንድ ድምጽ የት ሄደ?" ይላል፣ ሊል ይችላል፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚደግፈው ደግሞ "8 ከመቶ የሆነ ህዝብ በቁጥር ብቻ ቢወዳደር የራሱ ከተማ ውስጥ አንድም ሰው ላያስመርጥ ይችላል" ይላል፣ እሱም ልክ ነው። የፌዴራሉ ህገ መንግስት ራሱ አንቀጽ 54 ላይ ከ550 ያልበለጠ ወንበር ይኑር ካለ በኋላ ከዚያ ውስጥ ለአናሳ ብሄረሰቦች ከ20 የማያንስ ይቀመጥ ብሏል፣ ስለዚህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም የሚለው ሀሳብ ከሀረር የተፈጠረ አይደለም። ልዩነቱ ምንድነው፣ ፌዴራሉ ላይ ያሉት ልዩ የምርጫ ክልሎች ልዩ ይባሉ እንጂ መሬት አላቸው፣ ካርታ ላይ ጣትህን ታስቀምጥባቸዋለህ። የ14ቱ ግን ጣት ማስቀመጫ የለውም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሱቅ ጀርባ ያለች ጓዳ ውስጥም አለ፣ ድሬዳዋም አለ፣ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በምትባለው፣ የልብስ ስፌት መኪና ድምጽ ስም ባወጣላት ቀጭን መንገድ ላይም አለ።

እንግዲህ በቀደሙት ምርጫዎች ይሄ አሰራር ሲሰራበት ቆየ፣ ከክልሉ ውጪ ያሉ ሀረሪዎች ባሉበት ሆነው ለጉባኤው ይመርጡ ነበር። ብዙ ሰውም አላየውም፣ እውነቱን ለመናገር ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅበት ዘመን የምርጫ ክልል ድንበር ማን ያጣራል? በ2002 ከ547ቱ 499ኙን ኢህአዴግ ሲወስድ የሀረሪ ብሄራዊ ሊግ፣ ሀብሊ የምንለው፣ አንዷን ወንበሩን ይዞ አጋር ድርጅት ተብሎ ቁጭ አለ፣ በ2012 ደግሞ ብልጽግና ውስጥ ገባ። ጥያቄው የተነሳው ስድስተኛው ምርጫ ሲደርስ ነው።

ስድስተኛው ምርጫ መጀመሪያ ነሐሴ 2012 ነበር የታሰበው፣ ኮሮና መጣና ተራዘመ፣ ከዚያም ቀኑ ተገፍቶ ሰኔ 14 2013 ላይ አረፈ። በዚህ መሀል በአዲስ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 የሚሰራው፣ ያኔ በብርቱካን ሚደቅሳ ይመራ የነበረው ምርጫ ቦርድ ፋይሎቹን ሲያገላብጥ የ14ቱ ጉዳይ ጋ ደረሰና ከክልሉ ውጪ ድምጽ መስጠት የህግ መሰረት የለውም፣ አላስፈጽምም አለ። ክልሉ በህገ መንግስቴ ያለ ነው፣ ሲሰራበትም የኖረ ነው አለ። አልተግባቡም፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዚያው በ2013 የቦርዱን ውሳኔ ሻረው፣ ከክልሉ ውጪ ያሉት ሀረሪዎች ለጉባኤያቸው ይመርጣሉ የሚለው አሸነፈ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ወገን ለይቶ ነው የተሟገተው፣ ወይ "ቦርዱ ሀረሪ ጠላ" ወይ "ፍርድ ቤቱ ለመንግስት አደላ"። እኔ ሁለቱም አይመስለኝም። አዋጁን ገልጣችሁ አንብቡት፣ መራጭ ለመሆን ከሚጠየቀው ውስጥ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ 6 ወር መኖር የሚል አለ። "በምርጫ ክልሉ ውስጥ መኖር"! አዋጁን የጻፈው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ክልል አጥር ያለው ነው፣ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት። መርካቶ የሚኖር ሀረሪ ሀረር ውስጥ 6 ወር ኖሯል ወይ ብለህ ከጠየቅክ አልኖረም፣ አለቀ፣ ካርድ አይወስድም። ቦርዱ አዋጁን እንደ ግንብ አነበበው። ክልሉ ደግሞ የ14ቱ የምርጫ ክልል ህዝቡ ራሱ ነው ነው የሚለው፣ እንዲያ ከሆነ መርካቶ ያለው ሀረሪ ከክልሉ ወጥቶ አያውቅም፣ ምክንያቱም ክልሉ እሱ ራሱ ነው፣ የሄደበት ይዞት ይሄዳል። ሁለቱም ያው "ክልል" የሚለውን ቃል ነው የሚጠቀሙት፣ አንድ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ ፍርድ ቤት ቀረበ ማለት ይቻላል። ፍርድ ቤት የቀረበለትን ነው የሚፈርደው፣ ይመርጣሉ ወይስ አይመርጡም የሚለው ተፈረደ። እንዴት የሚለውን በዝርዝር መጻፍ ግን የህግ አውጪው ስራ ነበር፣ ካስቀየሙኝም እነሱ ናቸው፣ ህገ መንግስት ላይ አንድ አረፍተ ነገር አስቀምጠው ዝርዝሩን ለመዝጋቢው ጠረጴዛ የተዉት።

ጠረጴዛው ጋ እንቅረብ እስቲ። የመራጮች ምዝገባ ሄዳችሁ ታውቁ የለ፣ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሶስት ሰው፣ ትልቅ መዝገብ፣ መታወቂያ ታሳያለህ፣ ስም እድሜ ጾታ አድራሻ ይጻፋል፣ ትፈርማለህ፣ ካርድህን ትቀበላለህ። አሁን አንዲት ሴት እናስብ፣ አያቷ በ1940 ከሀረር የወጡ፣ እናቷ አዲስ አበባ የተወለደች፣ እሷም አዲስ አበባ የተወለደች። ሀረሪነቷን በምን ታሳያለች? የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሄር የሚል መስመር ነበር፣ ስንቱ ሰው ተቀይሞበታል፣ ለዚች ጉዳይ ግን ብቸኛዋ ወረቀት እሷ ነበረች። ፋይዳ ላይ ደግሞ ብሄር የሚባል ነገር አይመዘገብም፣ ስለዚህ እሱን ብታወጣ አይረዳትም። አባቷ ሀረሪ ባይሆኑስ? ቋንቋውን ባትችልስ? መዝጋቢው ወጣት ልጅ ይሄን ይወስን ይባላል? ወይስ የሀረሪ መረዳጃ ሽማግሌ አጠገቡ ቁጭ ብሎ "አውቃታለሁ፣ የእገሌ ልጅ ናት" ይበል? የመሬት ድንበር ሲያወዛግብ ቢያንስ ችካል ተክለህ በሜትር ትለካዋለህ፣ ይሄኛውን በምን ትለካዋለህ፣ ድንበሩ በሰው ቤት ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው አባትና እናት መሀል ነው የሚያልፈው።

የድምጽ ወረቀቱንም እዩት። ሀረር የሚኖር ኦሮሞ ሁለት ወረቀት ያገኛል፣ አንድ ለፌዴራሉ ፓርላማ አንድ ለ22ቱ። ሀረር የሚኖር ሀረሪ ሶስት፣ ለፓርላማው፣ ለ22ቱ፣ ለ14ቱ። አዲስ አበባ ያለችው ሴትዮም ሶስት ልታገኝ ነው፣ ለፓርላማው፣ ለከተማው ምክር ቤት፣ ለ14ቱ። እሷ ለ22ቱ አትመርጥም፣ ያ ልክ ነው፣ እዚያ አትኖርም። ግን በሰኔም በመስከረምም መጥታ ልትሰለፍ ነው ማለት ነው፣ ምክንያቱም የሀረሪ ክልል ምርጫ ሰኔ 14 አልተካሄደም፣ በምዝገባው ላይ በተነሱ ችግሮች ከሶማሌ ክልል ጋር ተራዝሞ መስከረም 20 2014 ነው የተደረገው፣ በዚያው ቀን ደቡብ ምእራብም ለአዲስ ክልልነት ህዝበ ውሳኔ ሰጠ። ብልጽግና አሸነፈ፣ ኦርዲን በድሪም በፕሬዝዳንትነት ቀጠሉ። የፖለቲካ ዜናው እዚህ አለቀ፣ ሁሉም ወደየቤቱ።

የተወዳዳሪውን ነገር ማንም አያነሳውም፣ እኔ ግን ይገርመኛል። ለተራ የምርጫ ክልል የምትወዳደር ከሆነ ሞንታርቦ ጭነህ ቀበሌ ለቀበሌ ትዞራለህ፣ ፖስተር ትለጥፋለህ፣ ማን የት እንዳለ ታውቃለህ። ለ14ቱ የምትወዳደር ግለሰብ ወይ አዲስ ፓርቲ ብትሆንስ? መራጭህ ግማሹ ሀረር፣ ግማሹ ሀገር ላይ ተበትኖ። ሰርግ ቤትና ለቅሶ ቤት እየዞርክ ነው የምታገኘው? ገንዘብና መዋቅር ያለው ፓርቲ ይደርስበታል፣ ሌላው አይደርስበትም። ታዛቢም እንደዚያው፣ ጥቂት ሰው ድምጽ በሚሰጥበት ሩቅ ጣቢያ ላይ ማን ታዛቢ ይልካል? የመሬት ድንበር አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነበር፣ ለደካማውም ተወዳዳሪ ሰውን አንድ ቦታ ሰብስቦ ይሰጠዋል።

ሌላው ሁሉም እያየ ዝም ያለው የቁጥሩ እርጅና ነው። የምርጫ ክልል በቆጠራ ላይ ተመስርቶ መከለስ አለበት፣ ቆጠራ ግን ከ1999 ወዲህ የለም፣ አራተኛው በ2011 ሊደረግ ሲል ተራዘመ፣ እንደተራዘመ ቀረ። ስለዚህ 547ቱም ያረጀ ልብስ እንደለበሱ ናቸው፣ አንዱ ጋ ጠቦ አንዱ ጋ ሰፍቶ። ሀረርም ከዚህ አታመልጥም፣ ከግንቡ ውጪ ያለው ከተማ ሲያድግ የቆየ ነው፣ 8.65 የምንለው ዛሬ ስንት እንደሆነ ቆጥሮ የነገረን የለም፣ 22 ለ14 የሚለው ግን ቋሚ ነው፣ ህዝቡ ቢጨምር ቢቀንስ አይነቃነቅም። ይሄ ለአንዱ ዋስትና ነው ለሌላው ቁስል።

ከላይ ያሰብናት ሴት በ1999 ልጅ ወልዳ ቢሆን ያኔ 31,869 ሲባል እሱም ተቆጥሮበታል እንበል። አሁን 18 ሞልቶታል፣ ለሚቀጥለው ምርጫ ካርድ ሊያወጣ ይችላል። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ጀጎልን ለኢድ ሁለት ሶስቴ ያየ ልጅ። ፋይዳውን ይዞ ይሄዳል፣ መዝጋቢው የቤት ቁጥሩንና ወረዳውን ይጽፍለታል፣ እሱ ቀላል ነው። ከዚያ ልጁ "ለሀረሪ ጉባኤውም መዝግቡኝ" ሲል መዝጋቢው እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ ያየዋል።